ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ

ዛሬ ስለ ደመና ላወራችሁ ነው።

ኢሉባቦር ተወልዶ ያደገን ሰው ስለ ደመና ማስተማር ድፍረት ነው። ዳሪሙ ላይ ብዙ ነገር ጎድሎብን ያውቃል፤ መብራት፣ ኔትወርክ፣ አንዳንዴም ስኳር። ደመና ግን ጎድሎብን አያውቅም። መቱን ወይ ጎሬን በክረምት የረገጠ ሰው ምስክሬ ነው፤ እዚያ ጃንጥላ የያዘውም ያልያዘውም እኩል ነው የሚበሰብሰው። ታዲያ የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ አባቴ ስልክ ደውሎ «የአኮን ድምፅ የት አስቀመጥሽው?» ሲለኝ፣ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ገብቼ የሠለጠንኩ መስሎኝ «ክላውድ ላይ ነበር ማስቀመጥ የነበረብኝ» ብዬ ጀመርኩ። ክላውድ ምንድነው አለኝ። ደመና ማለት ነው አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ኢንታላ ኮ፣ ደመናማ እኛም አለን። እኛ ያጣነው ደረቅ ቦታ ነው» አለኝ።

(ኢንታላ ኮ በኦሮምኛ «ልጄ» ማለት ነው፤ አኮ ደግሞ አያቴ። እኛ ቤት ሁለቱም ቋንቋ አንድ ማዕድ ላይ ነው የሚቀርበው።)

አባቴ ሊቀልድ ፈልጎ አልነበረም። ሠላሳ ምናምን ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ደረቅ ቦታ ሲል ደረቅ ቦታ ማለቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከሦስት ጠላት ጋር ነው፤ ከዝናብ፣ ከምስጥና ከአይጥ። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቢሮው ገብቼ እጠብቀው ነበር። እስከ ኮርኒሱ የተደረደረ ማኅደር፣ የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ፣ ማኅተም፣ የሻጋታ ሽታ። ደብዳቤዎቹን እያየሁ በጣም የምገረምበት አንድ ሰው ነበር፤ አቶ ግልባጭ። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌ ስሙ አለ። ለዞኑ ሲጻፍም፣ ለቀበሌ ሲጻፍም፣ ለጤና ጣቢያ ሲጻፍም እሱ ሳይነገረው የሚያልፍ ነገር የለም። «አባዬ፣ ይኼ ግልባጭ የሚባለው ሰውዬ ከአስተዳዳሪው ይበልጣል?» ብዬ ጠይቄው፣ እስከ ዛሬ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይነገርብኛል።

ግልባጭ ሰው እንዳልሆነ ካወቅሁ በኋላም ግን ክብሩ አልቀነሰብኝም። አባቴ ደጋግሞ የሚያወራው አንድ ታሪክ አለው። አንድ ገበሬ በመሬት ጉዳይ ተከሶ ማስረጃ ፍለጋ ይመጣል። ማኅደሩ ተገኘ፤ ውስጡን ግን ምስጥ ዱቄት አድርጎታል። ሰውዬው ሊያለቅስ ደረሰ። አባቴ የወጪ መዝገቡን ገለጠና ደብዳቤው ከብዙ ዓመት በፊት መቱ ለሚገኝ መሥሪያ ቤት በግልባጭ እንደተላከ አገኘ። ሰውዬው መቱ ሄደ፣ ወረቀቱ እዚያ ተቀምጧል፣ መሬቱም ቀረለት። አባቴ ይህን ሲያወራ ስለ ራሱ ጉብዝና አይደለም። «ምስጥ ከዚህ መቱ ድረስ አይሄድም» ይላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ የዳታ ማዕከሎች የቆሙት በእሷ ላይ ነው።

ወደ አኮ ልመለስ።

በ2014 ክረምት፣ በጋዜጠኝነት ተመርቄ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ፈቃዴ፣ አያቴን በስልኬ ቀዳኋት። አሥራ አንድ ቁራጭ፣ በድምሩ አራት ሰዓት ገደማ። አባቷ በበቅሎ ቡና ጭኖ ጎሬ ሲወርድ ስንት ቀን እንደሚወስድበት፣ ከዚያ ቡናው ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ላይ በመርከብ ሱዳን ይገባል ሲባል ልጅ ሆና ማመን እንዳቃታት፣ ቡና ቀላ በቅቤ ሲጠበስ መጀመሪያ ለማን እንደሚሰጥ፣ የትኛዋ ጎረቤት በማን ላይ ምን እንደሠራች (ይኼኛው ለሕትመት አይበቃም)። አኮ በኅዳር 2015 አረፈች።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ቅጂዎቹ ሦስት ቦታ ነበሩ፤ ስልኬ ላይ፣ ላፕቶፔ ላይና የምሠራበት መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ። ስልኬን ሜክሲኮ አካባቢ ታክሲ ስሳፈር ወሰዱት። ላፕቶፔ ሞልቶ አልሠራ ሲለኝ «ሰርቨር ላይ አለ» ብዬ ራሴ አጠፋሁት። ምን ላድርግ? የኔ ላፕቶፕ ሰባት ሺህ ጊዜ የወደቀ ዕቃ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ግን የራሱ ክፍል፣ የራሱ ማቀዝቀዣ፣ የራሱ ቁልፍ ያለው። ደረቅ ቦታ ማለት እሱ ነው ብዬ አመንኩ።

የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ቢጠራም ከሌሎች ብዙዎች የሚለይ አይመስለኝም። ሰርቨሩ ውስጥ አራት ሃርድ ዲስኮች ነበሩ፤ ሬይድ በሚባለው ዘዴ የተያያዙ። ዘዴው ብልህ ነው። ዳታው በአራቱ ላይ ተከፋፍሎ ይጻፋል፤ ከዳታው ጋር ደግሞ የጎደለውን በስሌት መልሶ ማግኘት የሚያስችል ትርፍ ቁጥር አብሮ ይቀመጣል። ስለዚህ አንዱ ዲስክ ቢሞት ሦስቱ እሱን ተክተው ሥራው ይቀጥላል። አንዱ ሞተ። ሰርቨሩም ደንቡ ነውና ጲፕ ጲፕ እያለ መጮህ ጀመረ። ጩኸቱ ጎን ያለው ስቱዲዮ ውስጥ እየገባ ቀረፃ ረበሸ። እናላችሁ፣ አንድ ሰው ገብቶ ድምፁን ዘጋው። ዲስኩን ሳይሆን ድምፁን!

በመጋቢት 2015 ሁለተኛው ሞተ። ከአንድ በላይ ከሄደ ስሌቱ አይሠራም። የአይቲው ልጅ ወጥቶ ኮሪደር ላይ ሲነግረን ፊቱ ሐዘን ቤት የመጣ ሰው ይመስል ነበር። «ባክአፕ የለንም እንዴ? ሬይድ ነው ስትል አልነበር?» አለው አለቃችን። «ሬይድ ባክአፕ አይደለም» አለ። ይህን በሥራ ዘመኑ ስንት ጊዜ እንዳለ እንጃ፤ የሰማነው ግን ያን ዕለት ነው። ሬይድ ሥራ እንዳይቆም ነው የሚያደርገው። ባክአፕ ማለት ሌላ ቦታ የተቀመጠ ሌላ ቅጂ ነው። አራቱም ዲስኮች አንድ ሳጥን ውስጥ፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ የመብራት መስመር ላይ ከሆኑ፣ አባቴ ቢሆን «ሁሉም ማኅደር አንድ መደርደሪያ ላይ ነው» ነበር የሚለው። ሳንገለብጥ ተገለበጥን ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ የተከተለውን ቀን አልረሳውም። ጋዜጠኛ ሁሉ የገዛ ራሱን ፕሮግራም ከዩቲዩብ ለማውረድ ተሻማ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ያኔ ከየካቲት 2015 ጀምሮ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ አገሪቱ ውስጥ ተገድበዋል፤ የተለቀቁት ሐምሌ ላይ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ቪፒኤን ከፍተን፣ እኛው ሠርተን የጫንነውን ሥራ፣ በሌላ አገር በኩል ዞረን እንለምናለን።

እኔም ለመንኩ። አንዱን ቅጂ፣ አሥራ አራት ደቂቃውን፣ መቱ ላለችው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ልኬላት እንደነበር ትዝ አለኝ። የአኮን ሳቅ ትስማ ብዬ እንጂ ለጥንቃቄ አልነበረም። ቪፒኤኑ እየተቆራረጠ፣ ፋይሉ ዘጠና በመቶ ደርሶ እየተመለሰ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አወረድኩት። ከአራት ሰዓት አሥራ አራት ደቂቃ።

አባቴ የደወለው በማግሥቱ ነው።

እስቲ ይኼ ክላውድ የሚባለው በትክክል ምንድነው? ኮርስ ተምሬ ሳይሆን ከእልህ የተነሳ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም ራማክ ከሚባለው ኮምፒውተሩ ጋር የመጀመሪያውን የዲስክ ማከማቻ ለገበያ አወጣ። ሃምሳ ትልልቅ ሰሐኖች ያሉት፣ ቶን ገደማ የሚመዝን ቁም ሣጥን ነበር፤ የሚይዘው ግን አምስት ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። የዛሬ አንድ ዘፈን ማለት ነው። ዛሬ ጥፍር የምታክል ሚሞሪ አንድ ቴራባይት ትይዛለች። ዕቃው እየረከሰ፣ ዳታው እየበዛ ሲሄድ የድርጅቶች ራስ ምታት የዲስኩ ዋጋ መሆኑ ቀረና ጠባቂው ሆነ፤ ማን ይቀይረው፣ ማን ያቀዝቅዘው፣ ሌሊት ሲጮህ ማን ይስማው። እ.ኤ.አ. በማርች 2006 አማዞን ኤስ3 የሚባል አገልግሎት ከፈተ፤ ዳታህን እኔ ዘንድ አስቀምጥ፣ በወር በተጠቀምከው ልክ ክፈል። ደመና የተባለው ይኸው ነው፤ የሌላ ሰው መዝገብ ቤት። ልዩነቱ መዝገብ ቤቱ የወር ኪራይ አለው፤ ደግሞም ግልባጩን በደንብ ይሠራል። ኤስ3 በመደበኛው አሠራሩ አንድን ፋይል ቢያንስ በሦስት የተራራቁ ቦታዎች ላይ አባዝቶ ያስቀምጣል። ምስጥ ከዚህ መቱ ድረስ አይሄድም!

ታዲያ ሁሉም ደመና አንድ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2013 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ኦቪኤች የተባለው ትልቅ ኩባንያ አንድ የዳታ ማዕከሉ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ። ከደንበኞቹ መካከል ለባክአፕ ጭምር ከፍለው የነበሩ አሉ፤ ባክአፑ የተቀመጠው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበር። የፈረንጅም መደርደሪያ መደርደሪያ ነው። የከፋው ደግሞ የደቡብ ኮሪያው ነው። ጊዜው መስከረም 16 ቀን 2018፤ እኛ ደመራ በምንለኩስበት ዕለት ቴጆን ከተማ ያለው የመንግሥት ዳታ ማዕከል ውስጥ የሊቲየም ባትሪዎች ተቀጣጥለው እሳት ተነሣ። ከስድስት መቶ በላይ የመንግሥት ሲስተሞች ቆሙ። ጂ-ድራይቭ የሚባለው የሠራተኞቹ የጋራ ማከማቻ 858 ቴራባይት ይዞ ወደመ። ሠራተኞቹ ሰነዳቸውን በየኮምፒውተራቸው ሳይሆን እዚያ እንዲያስቀምጡ ተነግሯቸው ነበር። ማከማቻው ትልቅ ስለሆነ ባክአፕ አልነበረውም ተባለ። ኮሪያ እኮ ነው! የዓለምን ሚሞሪ የምትሠራው ኮሪያ! ይህን ሳነብ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የአለቃችን ኃጢአት ቀለለልኝ።

እኛ አገር ግን ይህን ጉዳይ ቀድመው የገባቸው ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ በእንግሊዝኛው ምሕጻር ኢኤምኤምኤል ይባላል። ሰዎቹ በየገዳሙና በየቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ብራና ገጽ በገጽ አነሡ። ብራናው እዚያው ባለቤቱ ዘንድ ይቀራል፤ ፊልሙ አዲስ አበባ ይቀመጣል፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚባል ቦታ ያለ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ይገባል። ሥራው ከተጀመረ በዓመቱ አብዮቱ መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ግን ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጋ መጽሐፍ ተነሣ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1968 መባቻ በወታደሮች ተመትተው መራመድ ከተሳናቸው በኋላ ሚኒሶታ ሄደው ለአሥርት ዓመታት በዊልቸር ሆነው የመጻሕፍቱን ዝርዝር ሠሩ። ዝርዝሩን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘጠኝ ሺህ ፊልም ያለ ዝርዝር ማለት ቁልፉ የጠፋ ጎተራ ነው። አባቴ ገበሬውን ያዳነው በደብዳቤው አይደለም፤ ደብዳቤው የት እንደሄደ በጻፈበት መዝገብ ነው። ዛሬ ሜታዳታ እያሉ ትልልቅ ሰዎች ስብሰባ የሚቀመጡበት ነገር ያ የወጪ መዝገብ ነው።

ብራናዎቹን ሳስብ ግን አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ቅጂው ሚኒሶታ በመቀመጡ ተርፏል፤ የዳሪሙ ልጅ ግን ሚኒሶታ መሄድ አትችልም። የኛና የክላውድ ጉዳይም እዚህ ላይ ነው የሚያነክሰው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ማታ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል፣ በማግሥቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማ። በነዚያ ሳምንታት የማንም ዳታ አልጠፋም። እያንዳንዱ ፋይል በሦስት ቦታ በሰላም ተቀምጧል። ልንደርስበት ብቻ ነው ያልቻልነው። መድረስ ያልቻልኩት ነገር አለኝ ይባላል ወይ? ፈላስፋ አይደለሁም፤ ጥያቄው ግን ያኔ ተማሪ ሆኜ፣ አሳይንመንቴ ኢሜይሌ ውስጥ ተቆልፎ ሳለ ነው የተወለደብኝ።

አሁን ነገሩ እየቀረበ ነው ይላሉ። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ሬድፎክስ፣ ዊንጉና ራክሲዮ የሚባሉ ኩባንያዎች የዳታ ማዕከል አቋቁመዋል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ እያለ ይሸጣል። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ የሰው መረጃ ከአገር ሲወጣ በምን ሁኔታ እንደሚወጣ ደንግጓል። ጥሩ ነው። ዳታዬ ከኬፕታውን ይልቅ አዲስ አበባ ቢሆን ፋይሉ ቶሎ ይከፈታል፤ የዓለም አቀፉ መስመር ቢበጠስም አገር ውስጥ ያለው ይሠራል። ከዳሪሙ ሆነው ሲያዩት ግን አዲስ አበባም ሩቅ ነች። ምሰሶ ሲወድቅ ወይ መብራት ሲሄድ፣ አይሲቲ ፓርክና ሚኒሶታ ለኛ እኩል ናቸው። በ1990ዎቹ ወረዳዎችን በሳተላይት ለማገናኘት ወረዳ ኔት ሲዘረጋ ተስፋው ይኼ ነበር፤ ቴክኖሎጂው አለ፣ ጥገናው ግን ሁልጊዜ ከቴክኖሎጂው ኋላ በእግሩ ነው የሚመጣው።

ለዚህ ነው እኮ የአገሬ ሰው ሳይማር የራሱን ክላውድ የፈጠረው፤ ቴሌግራም። ዲግሪውን ፎቶ አንሥቶ ለራሱ ይልካል፣ የሠርጉን ቪዲዮ፣ የቤቱን ካርታ፣ የመታወቂያውን ኮፒ። ነፃ ነው፤ አንድ ፋይል እስከ ሁለት ጊጋባይት ይቀበላል። ጎግል አሥራ አምስት ጊጋባይት ሰጥቶ «ሞላብህ» እያለ ሲጨቀጭቅ ቴሌግራም ዝም ይላል። አልሳቅም፤ የአኮን ሳቅ ያተረፈልኝ እሱ ነው። ግን ደግሞ ለአምስት ወር የተዘጋብኝም እሱ ነው። ስልክ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው፣ ያ ሁሉ ዶክመንቱ አብሮ ይሄዳል።

ባለሙያዎች አንድ ቀላል ሕግ አላቸው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ለአባቴ ስነግረው «ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ?» የሚል ፊት አሳየኝ። እሱ የጨመረው አራተኛ ነገር አለ፤ ማን እንደያዘው ይጻፍ።

እናም ጻፈ። አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ መዝገብ ግን ቤት ውስጥም አለው። በ2016 አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝቼ አሥራ አራት ደቂቃዋንና የቤተሰቡን ፎቶዎች ጭኜ ወሰድኩለት። ገልብጦ ገልብጦ አየው። ገቢ ቁጥር አንድ ብሎ መዘገበው። ከሥር ደግሞ ግልባጭ ብሎ ጻፈ፤ ለልጄ አዲስ አበባ፣ ለእህቴ ልጅ መቱ፣ ለደመናው። (አዎ፣ «ለደመናው» ብሎ። እዚያም ከፍዬ አስቀምጫለሁ።) ጫማ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጡ ትንንሽ ከረጢቶች ሰብስቦ ዲስኩን ከነሱ ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባው።

«ይኼ ዕቃ ሳይነካ ስንት ዓመት ይቆያል?» አለኝ። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ማመን ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ዕድል ነው፣ ደግሞ አልፎ አልፎ መከፈትና ወደ አዲስ መገልበጥ አለበት አልኩት። ተከፋ። የእሱ ወረቀት ከሻጋታም ከአይጥም ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ቴፕ የሚባል እስከ ሠላሳ ዓመት የሚቆይ አለ፣ ትልልቅ ድርጅቶች ዛሬም እንደ ካሴት እያጠነጠኑ ይጠቀሙበታል፣ ግን የሚያጫውተው ማሽን ለኛ ኪስ አይሆንም አልኩት። አሰበና በየዓመቱ ለመስቀል ስመጣ እንከፍተዋለን አለ።

በ2018 መስቀልም ከፈትነው። ደመራው ተለኩሶ ካለቀ በኋላ፣ ቤት ገብተን፣ መብራት ስላልነበረ በላፕቶፔ ባትሪ። አክስቴ ቡና አፍልታለች። መጀመሪያ የሚሰማው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው፣ ረጅም ዝናብ፤ ከዚያ አኮ «እየሰማ ነው?» ትላለች ስልኬን ማለቷ ነው፣ እኔ አዎ እላለሁ፣ ትስቃለች። ስለ ጎሬ መንገድ የምታወራው ከስድስተኛው ደቂቃ በኋላ ነው። አሥራ አራተኛው ላይ፣ አባቷ ሁለተኛዋን በቅሎ ስለሸጠበት ሰው ጀምራ ሳትጨርስ ይቆማል። የሰውዬው ስም ቀጣዩ ቅጂ ላይ ነበር። አባቴ ስሙን አውቀዋለሁ ብሎ አክስቴ አይ ያ ሌላ ሰው ነው አለችው፤ ሲከራከሩ ባትሪው አለቀ።